ጠበቃው የያዘው የደንበኛ ገንዘብ፦ በፍኖተ ሰላምና አካባቢው የአደራ ግዴታ በሕግና በአሠራር

በችሎት ቀን ማለዳ ወደ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ግቢ የገባ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ከጃቢ ጠህናን፣ ከቋሪት፣ ከደጋ ዳሞትና ከወንበርማ የመጡ ባለጉዳዮች በጋቢያቸው እጥፋት ወይም በብብታቸው ሥር የተጠቀለለ ላስቲክ ይዘው ይቆማሉ። በላስቲኩ ውስጥ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ አንዳንዴም ከአባት የተላለፈ የስምምነት ወረቀት አለ። ጠበቃ ባቆሙ ዕለት ያ ላስቲክ ከእጃቸው ወጥቶ ወደ ጠበቃው ጠረጴዛ ይሻገራል። ለዳኝነት፣ ለቴምብር፣ ለምስክር መጓጓዣ እየተባለም ገንዘብ አብሮ ይሻገራል። ክርክሩ በድል ካለቀ ደግሞ ገንዘቡ በተቃራኒው መንገድ፣ ማለትም በጠበቃው እጅ በኩል ወደ ደንበኛው ይመለሳል፤ ቢያንስ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን መተላለፊያ ነው። ጠበቃ የደንበኛውን ገንዘብና ንብረት በያዘበት ጊዜ ምን ግዴታ አለበት? ግዴታውስ በምዕራብ ጎጃም ባለው አሠራር ውስጥ በምን ያህል ደረጃ ሊረጋገጥ ይችላል? በሕግ ትምህርት ቤት ስለ ጠበቆች ሥነ ምግባር በተማርንበት ጊዜ አብዛኛውን ሰዓት የወሰዱት ምስጢር መጠበቅና የጥቅም ግጭት ነበሩ፤ ስለ ገንዘብ የሰማነው ከአንድ ክፍለ ጊዜ ያነሰ ነው። የባለጉዳዩ ቅሬታ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከምስጢር ሳይሆን ከገንዘብ ነው።

ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገረው

በጠበቃ እጅ የሚገባ ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለዳኝነት ክፍያ ወይም ለባለሙያ አበል የተሰጠ ገንዘብ ለተወሰነ ተግባር የተሰጠ ነው፤ ከተግባሩ የተረፈው የደንበኛው ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ሁለተኛው ዓይነት በቅድሚያ የተከፈለ የጥብቅና ዋጋ ነው። ሥራው ሳይሠራ ውሉ ቢቋረጥ ይህ ገንዘብ የማን ነው? በአካባቢያችን የተለመደው መልስ «ጠበቃው አንዴ ተቀብሏል» የሚል ነው። ልማዱ የጸና ቢሆንም የሕግ መሠረቱ ደካማ ይመስለኛል፤ ላልተሰጠ አገልግሎት የተከፈለ ዋጋ አገልግሎቱ እስኪሰጥ ድረስ የጠበቃው ሙሉ ሀብት ነው የሚያሰኝ ምክንያት በውክልና ሕጋችን ውስጥ አላገኘሁም።

ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ነው፦ በደንበኛው ስም ከተቃራኒ ወገን፣ ከፍርድ አፈጻጸም ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሰበሰበ ገንዘብ። የውርስ ድርሻ፣ የተሸጠ በርበሬ ወይም በቆሎ ያልተከፈለ ዋጋ፣ በትራፊክ አደጋ ለሞተ ሰው ቤተሰብ የተፈረደ ካሣ፣ ለሕዝብ ጥቅም በተወሰደ ይዞታ ላይ ክርክር ተደርጎበት የተጨመረ ካሣ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። የመጨረሻውን በተለይ ማንሣት ያስፈልጋል። በቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲቋቋም እንደታየው፣ የእርሻ ይዞታ ለልማት ሲወሰድ አርሶ አደሩ መሬቱን ለቆ በምትኩ የሚቀበለው ብር ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው ለተፈናቀለ ባለይዞታ የመፈናቀያ ካሣ ስሌት የ10 ዓመት ገቢን መነሻ ያደርግ ነበር፤ የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጎታል። እንግዲህ የ15 ዓመት ምርት በአንድ ቀን፣ በአንድ ቼክ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ቀን ገንዘቡ የማን ሒሳብ ውስጥ ገባ የሚለው ጥያቄ የአንድን ቤተሰብ ቀሪ ዘመን የሚወስን ነው።

አንዲት አክስቴ በዚህ መንገድ አልፋለች። በክርክር የተጨመረላት 180,000 ብር በጠበቃዋ በኩል ወጣ፤ ለእርሷ የደረሳት ግን ከ14 ወር በኋላ፣ በሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ነው። ጠበቃውን ሌባ ብላ አታውቅም። «ችግር ገጥሞት ነው፤ በኋላም ሰጥቶኛል» ትላለች። ጉዳዩን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሁት ጠበቃውን ለመክሰስ አይደለም፤ የብዙ ሰው ጉዳይ ይህን ስለሚመስል ነው። ፍጹም ክህደት ከሆነ የወንጀል ሕጉ አለ። በኪሳችንና በሌላው ኪስ መካከል ያለው ድንበር ቀስ እያለ የሚደበዝዝበት ይህ መካከለኛ ሁኔታ ግን ስም እንኳ አልወጣለትም።

ሕጉ የሚለው

አገራችን ለአደራ እንግዳ አይደለችም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ብሂል ከየትኛውም አዋጅ ይቀድማል፤ ፍትሐ ነገሥቱም ስለ አደራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የአደራን ውል ከቁጥር 2779 ጀምሮ ለብቻው፣ ውክልናን ደግሞ ከቁጥር 2179 እስከ 2265 ባሉት ድንጋጌዎች ይገዛል። ጠበቃ በመሠረቱ የደንበኛው ተወካይ ስለሆነ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ምንጭ ሁለተኛው ነው።

ቁጥር 2208 ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ቅን ልቡና እንዲያሳይ ያዝዛል። ቁጥር 2209 ተወካዩ የወካዩን ጥቅም ብቻ እንዲያስቀድም፣ ወካዩ ሳያውቅ ከውክልናው ሥራ ለራሱ ጥቅም እንዳያወጣ ይከለክላል። ቁጥር 2210 ደግሞ ወደ ገንዘቡ ይመጣል፦ ተወካይ በውክልናው ምክንያት የተቀበለውን ሁሉ፣ ለወካዩ የማይገባ ገንዘብ እንኳ ቢሆን፣ ለወካዩ ማስረከብ አለበት፤ የወካዩን ገንዘብ ለራሱ ጥቅም ካዋለው፣ ካዋለበት ቀን ጀምሮ፣ ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ ወለድ ይከፍላል። በቁጥር 2213 መሠረት ወካዩ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ስለ ሥራው ሒሳብ ማቅረብ ግዴታው ነው።

የአክስቴን ጉዳይ በዚህ ሚዛን ብናየው ስሌቱ ቀላል ነው። በቁጥር 1751 የተወሰነው ሕጋዊ ወለድ በዓመት ከመቶ 9 ነው። ገንዘቡ በሙሉ 14 ወር ቆየ ብለን ብንነሣ የ180,000 ብር ወለድ 18,900 ብር ይሆናል። ተከፋፍሎ በመከፈሉ ከዚህ ማነሱ አይቀርም፤ ሆኖም ከአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር ባይሆን እንኳ ለገበሬ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ወለድ የሚባል ነገር መኖሩን ግን አላወቀችም፤ ሊነግራት የሚገባው ሰው ደግሞ ባለዕዳው ራሱ ነበር። የጠበቃና የደንበኛ ግንኙነት ከሌላው የውክልና ዓይነት የሚለየው በዚህ ነው፦ መብቱን የሚያስረዳውና መብቱ የሚጠየቀው ሰው አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ የቁጥር 2208 ቅን ልቡና ለጠበቃ ሲሆን ከመዋሸት መቆጠብ ብቻ አይበቃውም፤ ጠበቃው በራሱ ላይ የሚቆመውን መብት ጭምር ለደንበኛው መንገርን ይጠይቃል ባይ ነኝ።

በወንጀል በኩል አዋጅ ቁጥር 414/1996 በአንቀጽ 675 እምነት ማጉደልን፣ በአንቀጽ 676 ደግሞ ከባድ የሆነውን እምነት ማጉደል ይቀጣል። በሙያ ቁጥጥር በኩል በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚቆሙ ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992፣ ከዚያም የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 አሉ። ስማቸው እንደሚያመለክተው ግን የፌዴራል ናቸው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በደምበጫ የሚሠራው ጠበቃ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱን ያገኘው ከክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው፤ የሚቆጣጠረውም እርሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ስለ ጥብቅና ድርጅትና ስለ ጠበቆች ማኅበር የሚደረገው ሞቅ ያለ ውይይት እዚህ ሲደርስ የሚቀዘቅዘው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

የውክልናው ቀመር

ከድንጋጌዎቹ ይልቅ የባለጉዳዩን ዕጣ የሚወስነው ሌላ ወረቀት ነው። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ገብቶ ውክልና ለማስጻፍ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው አስቀድሞ የተዘጋጀ ቀመር ነው፦ «... እኔን ሆነው እንዲከሱ፣ እንዲከሰሱ፣ መልስ እንዲሰጡ፣ እንዲያስፈርዱ፣ እንዲያስፈጽሙ፣ እንዲታረቁ፣ ገንዘብ እንዲቀበሉ ...»። ዝርዝሩ አንዳንዴ ከግማሽ ገጽ ይበልጣል። ጸሐፊው ሲያነብለት ባለጉዳዩ ይሰማል፤ ወይም የሰማ ይመስላል፤ ከዚያ ሰነድ ወደሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት ሄዶ አሻራውን ያኖራል። «እንዲታረቁ» እና «ገንዘብ እንዲቀበሉ» የሚሉት ሁለት ቃላት ከ«እንዲከሱ» ጋር እኩል ክብደት ያላቸው እስኪመስሉ ድረስ በአንድ እስትንፋስ ይነበባሉ።

እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ ትኩረት የሚሻ ነገር አለው። በቁጥር 2205 መሠረት ክስ ለማቅረብ፣ ለመከላከል፣ ለመታረቅ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ገንዘብ መሰብሰብ ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። እንዲያውም ቁጥር 2204 ዕዳ መሰብሰብን ከአስተዳደር ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል፤ በቁጥር 2203 ደግሞ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ያጠቃልላል። ውጤቱ እንግዳ ነው፦ ጠበቃው በደንበኛው ስም ችሎት ፊት ለመቆም ልዩ ሥልጣን ሲያስፈልገው፣ የደንበኛውን ገንዘብ ለመቀበል ግን ጠቅላላ ውክልና ሊበቃው ይችላል። ሕጉ ሲረቀቅ የታሰበው የቤት ኪራይ የሚሰበስብ ወይም የእርሻ ገቢ የሚያስገባ ወኪል ይሆናል፤ የ15 ዓመት ገቢ በአንድ ጊዜ የሚቀበል ጠበቃ የታሰበ አይመስልም።

ለመከራከር ብቻ የተሰጠ ልዩ ውክልናስ የፍርዱን ገንዘብ መቀበልን ይጨምራልን? ቁጥር 2206 ልዩ ውክልና የተጠቀሰውን ጉዳይና እንደ ነገሩ ባሕርይና እንደ ልማዱ የሚከተሉትን ነገሮች ይሸፍናል ይላል። አንዳንዶች «ፍርድ ያለ አፈጻጸም፣ አፈጻጸምም ያለ ገንዘብ አይታሰብም፤ ስለዚህ ይጨምራል» ይላሉ። እኔ የምቀበለው ተቃራኒውን ነው። የፍርድ ተፈጥሯዊ ውጤት የፍርድ ባለመብቱ ገንዘቡን ማግኘቱ እንጂ ጠበቃው ገንዘቡን መያዙ አይደለም። አፈጻጸሙን የሚመራው ችሎት ገንዘቡ በፍርድ ቤቱ በኩል ተቀምጦ ወይም በቀጥታ ወደ ባለመብቱ የባንክ ሒሳብ ገብቶ እንዲከፈል ማዘዝ ይችላል። ይህ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል።

መቃወሚያ የለውም አልልም። ጠበቆችን ስንጠይቅ የሚሰጡት መልስ ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም። ከወንበርማ ቆላ ቀበሌ ለአንዲት ፊርማ ፍኖተ ሰላም መምጣት የአንድ ቀን መንገድና የምሳ ብር ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር መንገድ የተዘጋባቸው፣ የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ረጅም ጊዜያት ነበሩ፤ በእነዚያ ጊዜያት ባንክ ድረስ መድረስ ያልቻለ ደንበኛ ገንዘቡ በጠበቃው እጅ መቆየቱን ራሱ ለምኖ ይሆናል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ መዋሉ መፍትሔ ቢመስልም ኔትወርክ በሌለበት ቀን ምንም አይደለም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም ችግሩ ጠበቃው ገንዘቡን ለጊዜው እንዲይዝ ቢያስገድድ፣ እንዴት እንደሚይዘው የሚለውን ጥያቄ ያጠብቀዋል እንጂ አያስቀረውም።

የተቀላቀለ ገንዘብ

የደንበኛን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ በብዙ አገሮች የጠበቆች ሥነ ምግባር የመጀመሪያ ትእዛዝ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ግዴታ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው እንደ ግብረ ገብ ምክር ነው፦ ጥሩ ጠበቃ እንዲህ ያደርጋል። ከዚህ የበለጠ ነው፤ የማስረጃ ጉዳይ ነው።

ቁጥር 2210ን መለስ ብለን እንመልከት። ወለድ የሚታሰበው ተወካዩ ገንዘቡን ለራሱ ካዋለበት ቀን ጀምሮ ነው። ያንን ቀን የሚያውቀው ማን ነው? የአክስቴ 180,000 ብር ጠበቃው ደመወዝ በሚከፍልበት፣ የቤት ኪራይ በሚያወጣበት፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በሚልክበት ሒሳብ ውስጥ ከገባ፣ የትኛው ብር የእርሷ፣ የትኛው የእርሱ እንደነበረ የባንክ መግለጫ እንኳ ሊለይ አይችልም። ገንዘብ ስም አልተጻፈበትም። ስለዚህ ሕጉ በወረቀት የሰጣትን የወለድ መብት መቀላቀሉ ብቻውን ያጠፋባታል። በዚህ ምክንያት ፍርድ ቤቶች የማስረዳት ሸክሙን ቢያዞሩት ይገባል ብዬ አምናለሁ፦ ገንዘቡን ለይቶ ያልያዘ ተወካይ፣ ተቃራኒውን እስካላስረዳ ድረስ፣ ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ለራሱ እንዳዋለው ይቆጠር። ቁጥር 2213 ሒሳብ የማቅረብን ግዴታ በተወካዩ ላይ መጣሉ ለዚህ ትርጓሜ በቂ ድጋፍ ይሰጣል።

የመቀላቀል ጉዳት በቅን ጠበቃ እጅም ይደርሳል። ጠበቃው በአንድ ዕዳ ቢከሰስና ሒሳቡ ቢታገድ የደንበኛው ገንዘብ አብሮ ይታገዳል። ትዳሩ ቢፈርስ የቤተሰብ ሕጋችን በጋብቻ ዘመን የተገኘን ንብረት የጋራ ነው ብሎ ስለሚገምት በሒሳቡ ያለው ብር ለሁለት ይከፈላል፤ ሦስተኛ ባለቤት አለው ብሎ የሚጮኽ የለም። ባንኩ ችግር ላይ ቢወድቅም እንዲሁ ነው፦ በደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ሽፋኑ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ነው፤ የአምስት ደንበኞች ገንዘብ በአንድ ጠበቃ ስም ከተቀመጠ ባንኩ የሚያውቀው አንድ አስቀማጭ ብቻ ነው። የሙያ ኃላፊነት መድንም ቢሆን ለስሕተት እንጂ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥፋት አይውልም፤ ይህ የመድን ሕግ ሀሁ ነው።

ወደ ደረሰኝ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አክስቴን «ለከፈልሽው ደረሰኝ አለሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ከሣጥኗ ያወጣችው የጠበቃውን የስም ካርድ ነው፤ በጀርባው በእስክርቢቶ አራት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ቀን የለውም፣ ስለምን እንደተከፈለም አይልም። በሌላ ወገን ጠበቃው እርሷ ገንዘቧን እንደተቀበለች የሚገልጽ ወረቀት አለው፤ አሻራዋ ተቀምጦበታል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ስለዚህ ያ ወረቀት ክርክር ቢነሣ ለጠበቃውም አይጠቅመውም። ሁለቱም ወገኖች እጃቸው ላይ ያለው ነገር ማስረጃ ይመስላቸዋል፤ የሁለቱም ማስረጃ አይደለም። ያልተማረ ደንበኛ ያለው ጠበቃ ሒሳቡን በሥርዓት ቢይዝ የሚጠብቀው ደንበኛውን ብቻ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ወራሾች መጥተው «አባታችን አልተቀበለም» ሲሉ ራሱንም ነው። የቁጥር 1845 የ10 ዓመት ይርጋ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ሰፊ ጊዜ ይሰጣል።

ደብተሩ

ስለ ንብረት ሲነሣ በአካባቢያችን በጠበቃ ካቢኔ ውስጥ የሚገኘው ዋና ንብረት ጌጥ ወይም መኪና ሳይሆን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ሥር ደብተሩ የባለይዞታው ዋነኛ ማረጋገጫ ነው፤ መሬቱን ሲያከራይ፣ በመጠቀም መብቱ ዋስትና ብድር ሲጠይቅ፣ ካሣ ሲገመትለት የሚጠየቀው እርሱ ነው። ደብተሩ ለሁለት ዓመት በጠበቃ ቢሮ ከቆየ መሬቱ በሥራ ላይ ቢሆንም ባለይዞታው በወረቀት በኩል እጁ ታስሯል።

ችግሩ የሚጎላው የጥብቅና ዋጋ ሳይከፈል ሲቀር ነው። የውክልና ሕጉ ተወካይ ለሥራው የተረከባቸውን ነገሮች ዋጋው እስኪከፈለው ይዞ የመቆየት መብት ይሰጠዋል። ደብተሩ ከእነዚህ ነገሮች አንዱ ነው ወይስ አይደለም? በቃል ደረጃ «የተረከበው ነገር» ነውና ይመስላል። ነገር ግን የመያዝ መብት ዓላማው ዋጋ ያለውን ነገር ዋስትና ማድረግ ነው። ደብተሩ በራሱ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ዋጋው በሙሉ ያለው ባለቤቱ ሲይዘው ነው። እርሱን መያዝ ዋስትና ከመሆን ይልቅ ማስገደጃ ይሆናል፤ ይህም ከቁጥር 2208 ቅን ልቡና ጋር አይታረቅም። በዚያ ላይ ሕጉ የውክልና ሥልጣኑ ሲያበቃ የውክልና ማስረጃው ራሱ ለወካዩ እንዲመለስ ማዘዙ፣ ሰነድን ከሌላ ዕቃ ለይቶ እንደሚያይ ያሳያል። ከሁሉ የቀለለው ግን ዋናውን ሰነድ ገና ከመጀመሪያው አለመረከብ ነው። ቅጂው ለመዝገቡ ይበቃል፤ ዋናው በሚጠየቅበት ቀጠሮ ደንበኛው ይዞት ይመጣል፣ ይመሳከራል፣ ይዞት ይመለሳል። ይህን ልማድ ያደረጉ ጠበቆች በከተማው እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሲጠየቁ ምክንያታቸው ሥነ ምግባር ሳይሆን «ቢጠፋብኝስ?» የሚል ፍርሃት ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ደብተሩ በባለቤቱ ሣጥን ያድራል።

የሌሎች ልምድና የእኛ አቅም

እንግሊዞች ጠበቃው የደንበኛ ሒሳብ የሚባል የተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍትና በየጊዜው ከመዝገቡ ጋር እንዲያመሳክር ያስገድዳሉ። ደቡብ አፍሪካ ከዚህ በተጨማሪ ጠበቃው የሰረቀውን ለደንበኛው የሚተካ የጋራ ፈንድ አላት። ኬንያም ስለ ጠበቆች ሒሳብ አያያዝ ዝርዝር ደንብ ካወጣች ቆይታለች። እነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ አንድ ነገር ያስባሉ፦ ገንዘቡ በጠበቃው እጅ ይገባል፤ ከገባ በኋላ እንቆጣጠረው።

ፈረንሳዮች በሌላ መንገድ ሄደዋል። ካርፓ በመባል በሚታወቀውና በ1957 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በፓሪስ በተጀመረው አሠራር፣ የደንበኛ ገንዘብ ጠበቃው የግል ሒሳብ ውስጥ ጨርሶ አይገባም፤ በጠበቆች ማኅበር ሥር ወዳለ የጋራ ቋት ይገባል፤ የሚወጣውም ከየትኛው መዝገብ ጋር እንደተያያዘ ታይቶ ነው። የሚገርመው የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩ፤ የውክልና ድንጋጌዎቻችንም በብዙው የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ ካርፓ ገና የጥቂት ዓመታት ዕድሜ ነበረው። ግዴታውን ወረስን፤ ግዴታውን የሚሸከመው ተቋም ግን እስከ ዛሬ አልተከተለም።

ለፍኖተ ሰላም የትኛው ይሻላል? የእንግሊዙ ሥርዓት ኦዲተርና የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። በአንድ የተከራየ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛና በሁለት ወንበር የሚሠራ ጠበቃ ወርኃዊ ማመሳከሪያ እንዲያቀርብ ማዘዝ ወይ ከሥራ ያስወጣዋል፣ ወይ ለይስሙላ የተሞላ ቅጽ ያስከትላል። ቅጽ በመሙላት በኩል አገራችን እጥረት ኖሮባት አያውቅም። ስለዚህ የሚበጀን ገንዘቡን በተቻለ መጠን ከጠበቃው እጅ ማራቅ ይመስለኛል፦ ከሁሉ በፊት በአፈጻጸም ችሎት በኩል በቀጥታ ወደ ባለመብቱ፤ ያ በማይቻልበት ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት ተቀማጭ፤ የግድ በጠበቃው በኩል ማለፍ ካለበት ደግሞ ለደንበኛ ገንዘብ ብቻ ወደ ተከፈተ ሒሳብ። የውክልና ቀመሩም ቢታረም፣ «ገንዘብ እንዲቀበሉ» የሚለው ሐረግ ከዝርዝሩ ወጥቶ ለብቻው እንዲነበብና ለብቻው አሻራ እንዲደረግበት ሰነድ የሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት ሊወስን ይችላል። ለትንሹ ጠበቃ የሚቀረው አንድ ደብተር ነው፤ ቀን፣ የደንበኛ ስም፣ የገባ፣ የወጣ፣ ምክንያት፣ ቀሪ። የአካባቢያችን ባለሱቆች የዱቤ መዝገባቸውን ከዚህ ባላነሰ ጥራት ይይዛሉ።

ሳይነሣ ሊታለፍ የማይገባ አንድ ጉዳይ ይቀራል፦ የጠበቃው መሞት። ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ ሲያርፍ ውክልናው ያበቃል፤ ቢሮው ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከባለቤቱ ወይም ከልጆቹ እጅ ይገባል። በውክልና ሕጉ መሠረት የተወካዩ ወራሾች ሞቱን ለወካዩ የማሳወቅና እስከዚያው የሚያስፈልገውን የማድረግ ኃላፊነት አለባቸው። ነገር ግን ሐዘን ላይ የተቀመጠች ባለቤት በካቢኔው ውስጥ የትኛው ደብተር የማን እንደሆነ፣ በባንክ ካለው ብር ምን ያህሉ የደንበኛ እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ የባንክ ሒሳቡም የውርስ ማስረጃ እስኪወጣ ድረስ አይነካም። የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ፈቃድ ሰጪ እንደመሆኑ እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ጠበቃ ወክሎ ቢሮው እንዲከፈት፣ ሰነዶቹ በዝርዝር እንዲቆጠሩና ለየባለቤታቸው እንዲመለሱ የሚያደርግ መመሪያ ቢያወጣ ባለይዞታዎቹ ከወራሾች ጋር ከመካሰስ ይድናሉ፤ ቆጠራው ግን የሚቻለው ጠበቃው በሕይወት ሳለ የጻፈው መዝገብ ካለ ብቻ ነው።